ድንጋይ የማይነሣበት ማሳ

(ጉና ተራራ ሥር፤ ኅዳር ሊያልቅ ሲል፤ ረፋድ ላይ። ሁለት የገብስ ማሳ ይታያል፤ አንዱ ከላይ ጥዱ ሥር፣ አንዱ ከታች ገደሉ አፋፍ። በታችኛው ማሳ ዳር፣ ገበሬ ሰብሉን ከአውሬ የሚጠብቅበት የእንጨት ማማ ቆሟል። ማማው ላይ ሁለት ሰዎች ተጣበው ተቀምጠዋል። ደሳለኝ የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ ኪሱ የበዛ ሰደርያ፣ አንገቱ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር። አስጎብኚ ከሆነ ገና አንድ ክረምት ቢሆነውም ጉናን እሱ ያቆመው ይመስለዋል። ሙላቴ የደሳለኝን ሟች እናት መሬት የሚያርስ የአገሩ ገበሬ ነው፤ በዕድሜ አባቱ ይሆናል። ወፍራም የበግ ለምድ ደርቦ በላብ ተጠምቋል። ሲነታረኩ ቆይተዋል፤ እኛ የደረስነው መሃል ላይ ነው።)

ደሳለኝ፦ ማማ አይባልም አልሁ እኮ፣ አያ ሙላቴ!

ሙላቴ፦ ታዲያ ምን ሊባል ነው?

ደሳለኝ፦ የዱር እንስሳት መመልከቻ ሰገነት።

ሙላቴ፦ እኔ ነኝ እኮ የሠራሁት። ስሠራው ማማ ነበር።

ደሳለኝ፦ ሲሠሩት ግንዛቤ አልነበረዎትም።

ሙላቴ፦ ግንዛቤም አልነበረኝ፣ ምስማርም አልነበረኝ። በጠፍር ነው ያሰርሁት። ብዙ አትንቀሳቀስ።

ደሳለኝ፦ (ቀስ ብሎ ወደ መሃል ይጠጋል) እንግዶቹ መጥተው "ይህ ምንድን ነው?" ቢሉዎት ምን ይላሉ?

ሙላቴ፦ ማማ።

ደሳለኝ፦ አያ ሙላቴ!

ሙላቴ፦ እሺ... የዱር አራዊት መቀመጫ።

ደሳለኝ፦ መመልከቻ!

ሙላቴ፦ እኔ እዚህ ወጥቼ አውሬ ተመልክቼ አላውቅማ። አባርሬ ነው የማውቅ።

ደሳለኝ፦ እሱ የድሮ አሠራር ነው። ድሮ ሲያዩ ያባርሩ ነበር፤ አሁን ሲያዩ ያያሉ።

ሙላቴ፦ አይቼስ?

ደሳለኝ፦ አይተው ይደሰታሉ።

ሙላቴ፦ በሰብሌ መሃል?

ደሳለኝ፦ የትም ይሁን የት፣ ደስታ ቦታ አይመርጥም። ቆይ፣ ከጀርባዎ የደበቁት ምንድን ነው?

ሙላቴ፦ የትኛው?

ደሳለኝ፦ ያ የገመድ ነገር።

ሙላቴ፦ ወንጭፍ ነው።

ደሳለኝ፦ ወንጭፍ! የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር አባል፣ ወንጭፍ ይዞ!

ሙላቴ፦ ያለ ወንጭፍ በምኔ ልጠብቅ?

ደሳለኝ፦ የሚጠበቁት እኮ እንስሳቱ ናቸው!

ሙላቴ፦ ከማን?

ደሳለኝ፦ ከእርስዎ!

ሙላቴ፦ እኔንስ ከእነሱ ማን ይጠብቀኛል?

ደሳለኝ፦ ለሱ ሌላ ፕሮጀክት ይመጣል። ለመሆኑ ሥልጠናው ላይ ምን ሲሰሙ ዋሉ? ፊት ወንበር ላይ ነበር እኮ የተቀመጡት።

ሙላቴ፦ ሻይ በብስኩት ነበር። ከምሳ በኋላ ለስላሳ መጣ።

ደሳለኝ፦ ከአፍ ከሚገባው ሌላ!

ሙላቴ፦ "ድንጋይ አይነሣም" ተባለ።

ደሳለኝ፦ ጎሽ። ሌላስ?

ሙላቴ፦ "ጩኸት የለም" ተባለ።

ደሳለኝ፦ ሌላስ?

ሙላቴ፦ "እንስሳ ሲመጣ ፈገግታ።" ይችኛዋ አልገባችኝም። ፈገግታው ለእንስሳው ነው ለእንግዳው?

ደሳለኝ፦ ለእንግዳው ነዋ!

ሙላቴ፦ ደግ። ጭላዳ ዝንጀሮ ፊት ጥርስ ማሳየት ጠብ መፈለግ ነው፤ እሱ ሲያሳይህ ደግሞ ያንተ ጥርስ ምኑም አይደለም።

ደሳለኝ፦ (ሰዓቱን አይቶ) ይልቅ ስሙኝ። ዛሬ ቀልድ የለም። እነዚህ ፈረንጆች ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ላሊበላ የሚያልፉ ናቸው። ስንት ዘመን በዚህ መንገድ ሲያልፉ ጉናን በመስኮት ነው የሚያዩት። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪና እንዲወርዱ አሳምኛለሁ። ጭላዳ ካዩ፣ የገበሬ ቤት ገብተው ከወጡ፣ የሚልካቸው ድርጅት ጉናን በየጉዞው ሊያስገባ ነው። ካላዩ በቃ፣ እንደገና በመስኮት። እኔም ባርኔጣዬን ሰቅዬ ሁሴን ሱቅ ስኳር ልመዝን እመለሳለሁ።

ሙላቴ፦ የሁሴን ሚዛን ጥሩ ነው፤ አያደላም።

ደሳለኝ፦ ሥራዬን ነው የምነግርዎት!

ሙላቴ፦ እኔም ሥራ ነው ያልሁ። (ለምዱን ይጎትታል) ይህን ነገር ላውልቀው፤ ፀሐዩ በረታ።

ደሳለኝ፦ እንዳይነኩት! ባህላዊ ነው።

ሙላቴ፦ እኔ ከሁሴን የገዛኋት ጃኬት አለችኝ። ዚፕም አላት።

ደሳለኝ፦ ፈረንጅ ዚፕ ሊያይ ነው ውቅያኖስ ያቋረጠው?

ሙላቴ፦ ለምዱንስ ከየት አመጣኸው? የእኛ ሰው ይህን ከተወ ቆየ።

ደሳለኝ፦ ከደብረ ታቦር፣ ከሰዓዳ ሱቅ ተከራይቼ።

ሙላቴ፦ እና ባህሌን ከከተማ ተከራይተህ አመጣህልኝ።

ደሳለኝ፦ ማታ ተመላሽ ነው። እንዳይቀደድ።

ሙላቴ፦ ባህሉ?

ደሳለኝ፦ ለምዱ! ቤትዎንስ እንዳልሁት አሰናዱ?

ሙላቴ፦ አሰናድቻለሁ። የፕላስቲኩን ወንበር፣ የፀሐይ መብራቱን፣ ራዲዮኑን፣ ቢጫውን ጀሪካን፣ ሁሉንም ከጎረቤቴ ከአለሙ ቤት አስገባሁ።

ደሳለኝ፦ እንዲህ ነው እንጅ! ፈረንጅ የሚፈልገው ያልተነካ ኑሮ ነው።

ሙላቴ፦ አለሙም የሱን ዕቃ እኔ ቤት አስገባ።

ደሳለኝ፦ ምን አሉኝ?

ሙላቴ፦ "አንተም ቤት ሊገቡ ይችላሉ" ብለህ ነግረኸው የለም? እሱም ደንግጦ ያለውን ሁሉ አሸክሞ አመጣው። የሱ ቴሌቪዥን ትልቅ ነው፤ በሩን አስፍተን ነው ያስገባነው።

ደሳለኝ፦ (ጭንቅላቱን ይይዛል) በነጠላ ይሸፈን! ከጠየቁ መሶብ ነው እንላለን።

ሙላቴ፦ አራት ማዕዘን መሶብ።

ደሳለኝ፦ የጉና መሶብ ነው እላለሁ! ለማብራራቱ እኔ አለሁ። እርስዎ ብቻ ሲጠየቁ አጠር አድርገው ይመልሱ። እስቲ እንሞክር። እኔ ፈረንጁ ነኝ። (ድምፁን በአፍንጫው አድርጎ) "ኑሮ እንዴት ነው?"

ሙላቴ፦ ተመስገን።

ደሳለኝ፦ "ተመስገን" አይበቃም! ስለ አየር ንብረት ይጨምሩበት።

ሙላቴ፦ ተመስገን፤ ብርዱ ግን አይጣል ነው።

ደሳለኝ፦ ይሁን። "ከዱር እንስሳቱ ጋር እንዴት ትኖራላችሁ?"

ሙላቴ፦ እነሱ ይበላሉ፣ እኛ እናያለን።

ደሳለኝ፦ ይህ... ይህ እንዲያውም ጥሩ ነው። ይያዙት።

ሙላቴ፦ ምሳስ? ጾም ነው እንጅ ሌላ ጊዜ ቢሆን በግ ይታረድ ነበር። ሽሮ ይበላሉ?

ደሳለኝ፦ ምንም አይበሉም። ገብተው፣ አይተው፣ ይወጣሉ።

ሙላቴ፦ ሳይበሉ? ልጄ፣ ቤት ገብቶ ዞር ዞር ብሎ አይቶ ሳይቀምስ የሚወጣ ግብር ሰብሳቢ ብቻ ነው። ባለቤቴ እቴነሽ ይህን ብትሰማ ያንን ባርኔጣህን ታወልቀዋለች።

ደሳለኝ፦ እማማ እቴነሽ አሁን የት ናቸው? ቤት ናቸው አይደል?

ሙላቴ፦ (ወደ ላይኛው ማሳ ጨረፍ አድርጎ አይቶ) አለች። ሥራ ላይ ናት።

ደሳለኝ፦ ንጹሕ ይልበሱ በሏቸው። እንግዶቹ እንደሆነ ትናንት ወንዛዬ ፍልውሃ ታጥበው ነው ያደሩት።

ሙላቴ፦ ታጥበው ነው የሚመጡ? እንግዲያው እኔም መታጠብ ነበረብኝ።

ደሳለኝ፦ እርስዎን አይመለከትም። እርስዎ የሚታዩ ነዎት።

(ደሳለኝ ወደ ላይኛው ማሳ ዞሮ ያያል። ፊቱ ይፈካል።)

ደሳለኝ፦ አይ ገብሴ! አዩት ጥዱ ሥር ያለውን? ዛላው እንዴት እንደተንዠረገገ! አጥሩ ቀጥ ያለ፣ አረም የማያውቀው። ማሳ ባለቤቱን ይመስላል የሚሉት እውነት ነው።

ሙላቴ፦ (ጢሙን እየዳሰሰ) ይመስላል።

ደሳለኝ፦ ይህን ከሥራችን ያለውን ደግሞ እዩት። ሳሳ ያለ፣ አጥር የሌለው፣ ገደል ላይ የተንጠለጠለ። እሱም ባለቤቱን ይመስላል። አይከፋዎት።

ሙላቴ፦ ኧረ አይከፋኝም። እኔ ምን ቤት ነኝ። ስለ ማሳው ካነሣህ ግን፣ ልጄ፣ ያ ዕጣ...

ደሳለኝ፦ ዕጣውን አውቀዋለሁ! እርስዎ ሁለቱንም ማሳ ያርሳሉ። በዘር ጊዜ በሽማግሌ ፊት ዕጣ ይጣላል፤ አንዱ ማሳ ለእኔ፣ አንዱ ለእርስዎ። እናቴም በዚሁ ስትኖር ነው ያረፈችው። አምና የላይኛው ደረሰኝ።

ሙላቴ፦ አምና አዎ። ዘንድሮ ግን በዘር ጊዜ አንተ አልመጣህም...

ደሳለኝ፦ ሥልጠና ላይ ነበርሁ! "ቄሱ በእኔ ፈንታ ያንሡልኝ" ብዬ በስልክ አልተናገርሁም?

ሙላቴ፦ ተናግረሃል። ቄሱም አነሡልህ። ያነሡት እኮ...

ደሳለኝ፦ አያ ሙላቴ! እንግዳ ኩርባው ላይ ደርሶ ስለ እርሻ ክፍፍል አይወራም! የደረሰኝ ያው ቆሞ ይታያል፤ ዓይን የለኝም?

ሙላቴ፦ ዓይንስ አለህ። መነጽርም አለህ።

ደሳለኝ፦ ይህ ገብስ ለእኔ ተራ ገብስ እንዳይመስልዎት። በጥር ፋሲካን ሳገባ የሠርጌ ጠላ ከዚህ ነው። አማቴን እማማ ዓለሚቱን ያውቋቸዋል?

ሙላቴ፦ እብናት ገበያ እህል የሚነግዱትን?

ደሳለኝ፦ እሳቸውን። ጥሎሽ አልጠየቁኝም፤ ወርቅ አልጠየቁኝም። "መሬት አለኝ የሚል ሁሉ ባለ መሬት አይደለም። ከማሳህ የተጠመቀውን ጠላ ቀምሼ ልጄን እሰጥሃለሁ" ነው ያሉት።

ሙላቴ፦ ከገበያ ገዝተህ ብታስጠምቅስ?

ደሳለኝ፦ እሳቸውን? የጉናን ገብስ ከእብናቱ ጨለማ ውስጥ በጣታቸው የሚለዩትን ሴትዮ? አይሞከርም። ያ ማሳ ካለ ፋሲካ አለች። ከሌለ እኔም የለሁ።

ሙላቴ፦ (በረጅሙ ይተነፍሳል) እንግዲያው ልጄ፣ ቶሎ ልንገርህ...

(ያቋርጣል። ወደ ገደሉ አፋፍ ያያል።)

ሙላቴ፦ መጡ።

ደሳለኝ፦ (ባርኔጣውን ያስተካክላል) እንግዶቹ?

ሙላቴ፦ ጭላዳዎቹ።

ደሳለኝ፦ የት? (መነጽሩን ወደ ጉና ጫፍ ያነጣጥራል) ምንም አይታየኝም። እንዲያውም ተራራው ራሱ ራቀ።

ሙላቴ፦ ገልብጠህ ይዘኸው እንዳይሆን።

ደሳለኝ፦ የመነጽር ሥልጠና የወሰደ ማን ነው? (ቀስ ብሎ ያገላብጠዋል) ሰፋ አድርጌ ልይ ብዬ ነው።

ሙላቴ፦ በመነጽር አትድከም። እግርህ ሥር ናቸው። ገብሱ ውስጥ።

(ደሳለኝ ቁልቁል ያያል። ከገደሉ የወጣ የጭላዳ መንጋ የታችኛውን ማሳ ሞልቶታል። ከፊት ጎፈሩ ትከሻው ላይ የተደፋ ወንድ ተቀምጦ ዛላ በሁለት እጁ እየሸመጠጠ ይበላል።)

ደሳለኝ፦ ተመስገን! ሙሉ መንጋ! በእግራቸው መጡልኝ!

ሙላቴ፦ (ተነሥቶ) አንድ ጊዜ ልጩህ?

ደሳለኝ፦ ይቀመጡ!

ሙላቴ፦ አንድ ጩኸት ብቻ። ድንጋዩን እተወዋለሁ።

ደሳለኝ፦ ትንፍሽ እንዳይሉ! እንግዶቹ እስኪደርሱ እንስሳቱ እንዲቆዩልኝ ነው የምጸልየው፣ አንቱ ደግሞ ሊያባርሩልኝ!

ሙላቴ፦ ለመቆየቱ አትጸልይ። ገብሱ እስካለ የትም አይሄዱም።

ደሳለኝ፦ ጭላዳ እኮ ሣር በል ነው። መጽሐፍ ላይ ተጽፏል።

ሙላቴ፦ ያ ባለ ጎፈሩ መጽሐፉን አላነበበም መሰለኝ።

ደሳለኝ፦ ገብስም ቢሆን ከሣር ወገን ነው።

ሙላቴ፦ በል እንግዲህ። ጠላም ከውሃ ወገን ነው።

ደሳለኝ፦ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ ጭላዳ የትም እንደሌለ ያውቃሉ?

ሙላቴ፦ እኔም ከዚህ በቀር የትም የለሁም። እኔን ብሎ ከባሕር ዳር የተነሣ ግን የለም።

ደሳለኝ፦ እንዴት የለም? በመርሐ ግብሩ ላይ ከጭላዳው ቀጥሎ እርስዎ ነዎት!

ሙላቴ፦ ከዝንጀሮ ቀጥሎ።

ደሳለኝ፦ ከምሳ በፊት። ትልቅ ቦታ ነው።

(ጭላዳዎቹ ወደ ማሳው መሃል ይገባሉ። ሙላቴ ወንጭፉን ይጨብጣል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይጨብጣል።)

ሙላቴ፦ ልጄ፣ ይህ ሊታጨድ የደረሰ ገብስ ነው። የዓመት ልፋት ነው።

ደሳለኝ፦ ይገባኛል። መሥዋዕትነት ይባላል። አንድ ማሳ ገብስ ምንድን ነው?

ሙላቴ፦ በሶ ነው። ቆሎ ነው። ጠላ ነው።

ደሳለኝ፦ ከትውልድ አንጻር ሲታይ ማለቴ ነው!

ሙላቴ፦ "መጀመሪያ የመቀመጫዬን" አለች ዝንጀሮ። ትውልዱ ይቆየንና የዘንድሮውን...

ደሳለኝ፦ የእናንተ ችግር ይኸው ነው፤ ከሆዳችሁ አርቃችሁ አታዩም። ባለማሳ ልበ ሰፊ መሆን አለበት። እኔ ብሆን...

ሙላቴ፦ (ዞር ብሎ ያየዋል) አንተ ብትሆን?

ደሳለኝ፦ እኔ ብሆን እጄን አጣጥፌ፣ "ብሉ የፈጣሪ ፍጥረቶች፣ ጠግባችሁ ሂዱ" ነበር የምላቸው።

ሙላቴ፦ ማሳው ያንተ ቢሆን?

ደሳለኝ፦ የእኔ ቢሆን!

ሙላቴ፦ እውነትህን ነው?

ደሳለኝ፦ በእናቴ አፅም!

(ሙላቴ ወንጭፉን በጥንቃቄ አጣጥፎ ይቀመጥበታል።)

ሙላቴ፦ እንዲህ ብለህ ከማልህማ እኔ ማን ነኝ። ይብሉ።

ደሳለኝ፦ አሁን ሥልጠናው ገባዎት!

ሙላቴ፦ ገባኝ። ትንሽ ዘግይቶ ነው እንጅ ገባኝ።

ደሳለኝ፦ ያቺን እናት እዩዋት፣ ልጇን አዝላ! በሁለት እጇ እንዴት እንደምትለቅም!

ሙላቴ፦ ጎበዝ ናት። እንዲህ ያለ አጫጅ ባገኝ ኖሮ በጥቅምት በጨረስሁ ነበር።

ደሳለኝ፦ (እየሳቀ) አየ ጉድ፣ ጥግ ጥጉን ጨርሰው ወደ መሃል ገቡ!

ሙላቴ፦ የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል አሉ።

ደሳለኝ፦ ታዲያ እርስዎ ለምን አያለቅሱም?

ሙላቴ፦ እኔማ ምን ያስለቅሰኛል።

(ከላይኛው ማሳ በኩል "ጧ!" የሚል ድምፅ ይሰማል።)

ደሳለኝ፦ ምንድን ነው እሱ?

ሙላቴ፦ እንጃ። ጥዱ ይሆናል።

ደሳለኝ፦ ጥድ ይጮኻል?

ሙላቴ፦ ሲያረጅ።

ደሳለኝ፦ ልብ ብለው አይተዋል ግን? የላይኛውን የእኔን ገብስ አንድም ጭላዳ አልነካውም። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይባላል። አውሬም ቢሆን የሚከበር ባለቤት ያውቃል።

ሙላቴ፦ እሱስ እውነት ነው። እዚያ የሚፈሩት አለ።

(የደሳለኝ ስልክ ይጮኻል።)

ደሳለኝ፦ ሾፌራቸው ሱልጣን ነው! (ያነሣል) ሃሎ ሱልጣን! የት ደረሳችሁ?... ምን? ቆማችኋል?... ከታች፣ ከትልቁ ድንጋይ ጋ?... ከመቼ ጀምሮ?... ሁሉንም አያችሁ?! (ስልኩን በእጁ ሸፍኖ) አያ ሙላቴ፣ ደርሰው እያዩን ነው! በመነጽር!

ሙላቴ፦ ምን ይላሉ?

ደሳለኝ፦ (ወደ ስልኩ) ምን ይላሉ?... (ለሙላቴ) አንዷ ሴትዮ እንባዋ መጣ ይላል።

ሙላቴ፦ እኔም ቅድም ደርሶብኝ ነበር።

ደሳለኝ፦ (እየሰማ) "በየሄድንበት አገር ገበሬ አውሬ ሲያይ ያባርራል። እዚህ ግን ገበሬው ተቀምጦ ገብሱን አበላ" አሉ?... እህ?... አብሯቸው ያለው የድርጅቱ ሰው ተስማማ? ጉናን በየጉዞው?! ሱልጣን፣ አላህ ያክብርህ!... እዚሁ ማሳ ላይ ይሁን?... ባለማሳው በየዓመቱ እየዘራ እንዲህ ሊያበላቸው ቃል ይግባ ይላሉ?

ሙላቴ፦ ልጄ፣ እሱን እንኳ ቆየት ብለህ...

ደሳለኝ፦ ባለማሳው ተስማምቷል በላቸው! በየዓመቱ! እኔ ዋሱ ነኝ!... ፎቶ? ባለቤቱ ከጭላዳዎቹ ጋር? አሁኑኑ! (ስልኩን ይዘጋል) ተነሡ አያ ሙላቴ! ለምድዎን ያስተካክሉ። ወርደው ከባለ ጎፈሩ አጠገብ ይቆማሉ።

ሙላቴ፦ እኔ? ለምን?

ደሳለኝ፦ የማሳው ባለቤት ፎቶ ይነሣ ተባለ።

ሙላቴ፦ እና ባለቤቱ ይነሣዋ።

ደሳለኝ፦ አሁን መግደርደር ምን ይባላል?

ሙላቴ፦ በሰው ማሳ ቆሜ "የእኔ ነው" ብዬ ፎቶ አልነሣም። ነውር ነው።

ደሳለኝ፦ በሰው? የማን ነው?

ሙላቴ፦ ባለቤቱ እዚህ አይኖርም። ከተሜ ነው።

ደሳለኝ፦ የት ከተማ?

ሙላቴ፦ ደብረ ታቦር።

ደሳለኝ፦ የማውቀው ሰው ነው?

ሙላቴ፦ እንጃ፣ በደንብ አታውቀውም መሰለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱም ደግ ሴት ነበረች። በጥር ሊያገባ ነው ይባላል።

(ከታች የገለባ መንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማል።)

ደሳለኝ፦ ...ማንን?

ሙላቴ፦ ፋሲካን።

(ደሳለኝ ማሳውን ያያል። ሙላቴን ያያል። ባርኔጣውን ያወልቃል።)

ደሳለኝ፦ ቄሱ... ዘንድሮ በእኔ ፈንታ ያነሡት ዕጣ...

ሙላቴ፦ የታችኛው ነው። እሳቸውም አዝነውልህ፣ "ምነው ይህ ልጅ ራሱ መጥቶ ባነሣ" ብለው ነበር።

ደሳለኝ፦ ለምን አልነገሩኝም?!

ሙላቴ፦ ስለ ዕጣው አፌን ብከፍት አፌን ዘጋኸው። ልጩህ ብል "ይቀመጡ" አልህ። የዓመት ልፋት ነው ብልህ ከትውልድ አንጻር እይ አልኸኝ። መጨረሻ በእናትህ አፅም ማልህ። በዚያች ደግ ሴት አፅም ላይ እኔ ድንጋይ ላንሣ?

ደሳለኝ፦ ጠላዬ! እማማ ዓለሚቱ! (ሙላቴን ገፍትሮ ወንጭፉን ከሥሩ ይመነጭቃል) ሂዱ! ውጡ ከማሳዬ! እናንተ ሌቦች!

ሙላቴ፦ (ክንዱን ይይዘዋል) ተው! ድንጋይ አይነሣም።

ደሳለኝ፦ ይልቀቁኝ!

ሙላቴ፦ ጩኸት የለም።

ደሳለኝ፦ ገብሴ እያለቀ ነው!

ሙላቴ፦ አልቋል። ለሠርግህ የጠራሃቸው ባይመጡም አትዘን፤ ዕድምተኞችህ ቀድመው በልተዋል። አሁን ፈገግ በል፤ እያዩህ ነው። የእነሱ መነጽር ደግሞ አልተገለበጠም።

(ደሳለኝ ወንጭፉን ከጀርባው ይደብቃል። ወደ ትልቁ ድንጋይ እያየ በግድ ፈገግ ይላል፤ በባዶው እጁ ያውለበልባል። ከታች ጭብጨባ ይሰማል።)

ደሳለኝ፦ (በጥርሱ መሃል) በየዓመቱ ብዬ ቃል ገባሁ እኮ...

ሙላቴ፦ ሰምቻለሁ። ዋሱም አንተ ነህ። (ለምዱን አውልቆ ትከሻው ላይ ይጥልለታል፤ ከሥሩ ባለ ዚፑ ጃኬት ብቅ ይላል) በል ልበሰው፣ ባለማሳው ባህላዊ ሲሆን ነው የሚያምር። ብቻ እንዳይቀደድ፤ ማታ ተመላሽ ነው።

ደሳለኝ፦ (ለምዱ ውስጥ ኩርምት ብሎ) እና ያ የላይኛው... ያ ያማረው... የእርስዎ ነው።

ሙላቴ፦ እንደ ዕጣው።

ደሳለኝ፦ ግን እኮ ያው ገብስ ነው፣ ያው ተራራ ነው! እዚያ አንድም ጭላዳ ያልሄደው ለምንድን ነው?

(ከላይኛው ማሳ እንደገና "ጧ!" ይላል። ደሳለኝ ቀና ይላል።)

ሙላቴ፦ እቴነሽ ናታ።

ደሳለኝ፦ እማማ እቴነሽ? እዚያ ምን ያደርጋሉ?

ሙላቴ፦ ገብሱን ትጠብቃለች። በወንጭፍ።

ደሳለኝ፦ በወንጭፍ?! ድንጋይ አይነሣም ተብሎ የለም እንዴ?

ሙላቴ፦ ምን ላድርግ ልጄ፤ እሷ ሥልጠናውን አልወሰደችም።